68 ለ 52፦ ፍራንክፈርት ላይ የፊፋ ወንበር የተቀየረበት ቀን

ፍራንክፈርት ለአብዛኞቻችን የባንክ ፎቆች፣ የትልቁ ኤርፖርትና የውድ ቤት ኪራይ ከተማ ናት። ኳስ ከተነሳ ደግሞ አይንትራኽት ፍራንክፈርት አለ። ከዚህ አልፎ ግን የዛሬው የዓለም እግር ኳስ አስተዳደር መልኩን የያዘው በዚህችው ከተማ፣ በአንድ ቀን ስብሰባ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ብዙም አላጋጠመኝም። ቀኑ ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 11 ቀን 1974 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከዚያ ስብሰባ ሁለት ቀን በኋላ በፍራንክፈርት ዋልድስታዲዮን የ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ተከፈተ። ብራዚልና ዩጎዝላቪያ ያለ ጎል ተለያዩ። ያን ሰሞን የዓለም ዓይን ሜዳው ላይ ነበር። ትልቁ ጨዋታ ግን አዳራሽ ውስጥ አልቋል፤ ውጤቱም 68 ለ 52 ነበር። ብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ራውስን አሸንፈው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለዚህ ውጤት ወሳኝ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ደጋግመን የምናደርገው ክርክር ነው። ፊፋ በሙስና በተነሳ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ችግሩ እኮ ትንንሽ አገሮች ከጀርመን እኩል ድምፅ ስላላቸው ነው፤ ድሃ አገር በቀላሉ ይገዛል» ይላል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። መልሴን በስሜት ሳይሆን በታሪክ ለማስደገፍ ብዬ ነው ወደ 1974 የተመለስኩት።

አንድ አገር፣ አንድ ድምፅ

በመጀመሪያ ፊፋ እንዴት እንደሚመርጥ እንመልከት። ፊፋ በ1904 ፓሪስ ላይ ሲመሠረት አባላቱ ሰባት የአውሮፓ አገሮች ነበሩ። ዛሬ 211 ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች አሉት። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን አንድ ድምፅ አለው። የሕዝብ ብዛት፣ የሊግ ገቢ፣ የዋንጫ ብዛት አይቆጠርም። ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል፤ ልክ እንደ እድር ነው። እድር ውስጥ ባለ ፎቁም ባለ ደሳሳ ጎጆውም አንድ አባል ነው፤ ሊቀመንበር ሲመረጥ የሁለቱም እጅ እኩል ይቆጠራል።

ይህ ሕግ አባላቱ በአብዛኛው አውሮፓውያንና ደቡብ አሜሪካውያን በነበሩበት ዘመን ማንንም አላስጨነቀም። ጭንቀቱ የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ነጻ እየወጡ አባል መሆን ሲጀምሩ ነው። ነጻ የወጣ አገር ባንዲራውን ሰቅሎ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ተቀላቅሎ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፊፋ ይመጣ ነበር። በአውሮፓ በኩልም ድምፅ በእግር ኳስ ታሪክና አቅም ይመዘን የሚል ሐሳብ መሰንዘር ጀመረ። ሐሳቡ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ1974 ከአፍሪካ ብቻ ከሠላሳ በላይ ድምፅ ነበር።

ሰር ስታንሊ ራውስ

ራውስን እንደ ክፉ ሰው መሳል ቀላል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። መምህር ነበሩ፤ ዳኛም ነበሩ፤ በ1934 የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜን ዳኝተዋል። ዛሬ የምንጫወትበት የጨዋታ ሕግ በ1938 በአዲስ መልክ ሲጻፍ ብዕሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። የመሐል ዳኛ ሜዳውን በሰያፍ መስመር እየሮጠ እንዲዳኝ ያደረገውን አሠራር ያስፋፉትም እሳቸው ናቸው። የእንግሊዝን እግር ኳስ ማኅበር ለ28 ዓመታት በዋና ጸሐፊነት ካገለገሉ በኋላ በ1961 የፊፋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፍራንክፈርት ላይ ለምርጫ ሲቀርቡ ዕድሜያቸው 79 ነበር።

የራውስ ችግር የገንዘብ አልነበረም። ችግራቸው ፊፋን እንደ አንድ የሽማግሎች ክበብ ማየታቸው ነበር። ለእሳቸው እግር ኳስ አንድ ቤተሰብ ነው፤ አውሮፓ ወላጅ፣ አፍሪካና እስያ ደግሞ ገና እያደጉ ያሉ ልጆች። ልጆቹ ግን አድገው ነበር።

የአፍሪካ ሁለት ቅሬታዎች

የመጀመሪያው ቅሬታ የዓለም ዋንጫ ቦታ ነው። ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ነበር። አፍሪካ ግን አንድ ሙሉ ቦታ እንኳን አልተሰጣትም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ኦሺኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነበር ማለፍ የሚችለው። ሦስት አህጉራት ለአንድ ወንበር ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ይህ አይሆንም ብለው ተነሱ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ ውሳኔውን ከማየት ይልቅ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ በገንዘብ ቀጣ። ነገር ግን አድማው ሠራ፤ ለ1970 አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ደግሞ ያችን ብቸኛ ቦታ ይዛ ወደ ጀርመን የመጣችው ዛየር ናት።

ሁለተኛውና ትልቁ ቅሬታ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ነው። ይህ ጉዳይ ከካፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ካፍ በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን የቀላቀለ ቡድን አላመጣም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ከእሷ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ወደ ፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ካርቱም ላይ ከመሥራቾቹ ጋር ተቀምጠዋል።

ፊፋ የደቡብ አፍሪካን የነጮች ማኅበር በ1961 አገደ። ራውስ ግን በ1963 ራሳቸው ወደዚያ ተጉዘው ሲመለሱ እገዳው እንዲነሳ አደረጉ። ክርክራቸው ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ የአፍሪካና የእስያ አባላት ድምፃቸውን አስተባብረው እገዳውን መለሱት። ያ ድምፅ ለብዙዎች ትምህርት ሆነ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በጉባኤም እንደሚሠራ አዩ። ራውስ ግን ትምህርቱን አልወሰዱትም። ለአፍሪካውያን «ፖለቲካ አታምጡ» ማለት ለነጮቹ ማኅበር መወገን እንደሆነ አልታያቸውም።

በዚህ ላይ የቺሊ ጉዳይ ተጨመረ። በ1973 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ የሳንቲያጎ ብሔራዊ ስታዲየም የእስረኞች ማጎሪያ ሆኖ ነበር። ሶቪየት ኅብረት እዚያ ሜዳ ላይ የማጣሪያ ጨዋታ አልጫወትም አለች። ፊፋ ጨዋታው እዚያው ይካሄድ ብሎ በመወሰኑ ሶቪየቶች ከውድድሩ ወጡ። ስለዚህ ራውስ ወደ ፍራንክፈርት ሲመጡ በምሥራቅ አውሮፓም ቅሬታ ተከትሏቸው ነበር።

ሃቬላንጅና ዘመቻቸው

ሃቬላንጅ በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ የዋኙ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ በዋተር ፖሎ የተሰለፉ ስፖርተኛና ነጋዴ ነበሩ። ከ1958 ጀምሮ የብራዚልን የስፖርት ኮንፌዴሬሽን መርተዋል፤ በእሳቸው ዘመን ብራዚል ሦስት የዓለም ዋንጫዎችን ወስዳለች። ከዚህ የተሻለ የምርጫ ካርድ ማን ሊኖረው ይችላል?

ራውስ ሥራዬ ይመስክርልኝ ብለው ሲቀመጡ ሃቬላንጅ አውሮፕላን ላይ ኖሩ ማለት ይቻላል። ከሰማንያ በላይ አገሮችን ዞረዋል፤ በአንዳንዱ ጉዞ ፔሌ አብሯቸው ነበር። በ1972 ብራዚል የነጻነቷን 150ኛ ዓመት ስታከብር ባዘጋጀችው ውድድር የአፍሪካ ምርጥ ቡድን ተጋብዞ ተጫውቷል። ለአፍሪካ ተጫዋቾችና ሹማምንት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለንደን እንደ ልጅ ስታያቸው ሪዮ እንደ እንግዳ ተቀበለቻቸው።

ቃል የገቡት ምን ነበር? የዓለም ዋንጫን ከ16 ወደ 24 ቡድን ማሳደግ፤ የወጣቶች የዓለም ዋንጫ መጀመር፤ ለታዳጊ አገሮች የአሠልጣኞች፣ የዳኞችና የሐኪሞች ሥልጠና መስጠት፤ የስታዲየም ግንባታ ማገዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን እስካልተወች ድረስ ወደ ፊፋ እንዳትመለስ ማድረግ።

እዚህ ላይ የይድነቃቸው ሚና ይገባል። ይድነቃቸው በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ ከዚያም በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። ስለዚህ ኳሱንም ወንበሩንም ያውቁታል። የአፍሪካ ድምፅ ተበታትኖ ከሄደ የማንም መጠቀሚያ እንደሚሆን፣ ተጠቅልሎ ከሄደ ግን ዋጋ እንደሚኖረው ተረድተዋል። ለሃቬላንጅ የሚሰጠው ድጋፍ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ላይ ካላቸው አቋም ጋር የተያያዘ መሆኑን ግልጽ አደረጉ። በእኔ ንባብ የ1974 ዋናው ነገር ይህ ነው። አፍሪካ ብራዚላዊውን ስለወደደች ብቻ አልመረጠችም፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነው የመረጠችው።

የምርጫው ቀን

በወቅቱ ሕግ መሠረት በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሃቬላንጅ 62፣ ራውስ 56 አገኙ። ልዩነቱ ስድስት ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደ ሁለተኛ ዙር ተሄደ፤ እዚህ ተራ ብልጫ ይበቃል። 68 ለ 52። ከ1904 ጀምሮ ወንበሩ ላይ ከአውሮፓ ውጪ የመጣ ሰው ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ፍራንክፈርት ላይ ያ ታሪክ አበቃ።

ቁጥሩን ልብ በሉ። ከሠላሳ በላይ የአፍሪካ ድምፅ ግማሹ እንኳን ወደ ራውስ ቢያዘነብል ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ዛየር በዚያው ወር በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ በአፍሪካ ቡድን የሳቁ ጋዜጦች ነበሩ። ሜዳ ላይ ያልተከበረችው አፍሪካ ግን ከጥቂት ቀን በፊት አዳራሹ ውስጥ የፊፋን መሪ ወስና ነበር።

ምን ተገኘ?

ከገቡት ቃል ብዙው ተፈጽሟል። ደቡብ አፍሪካ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ተባረረች፤ የተመለሰችው አፓርታይድ መፍረስ ከጀመረ በኋላ በ1992 ነው። የመጀመሪያው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ በ1977 በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዚያ ተካሄደ። በ1982 የዓለም ዋንጫ 24 ቡድን ሲሆን አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች፤ አልጄሪያ በዚያው ውድድር ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። በ1998 ቦታው አምስት ደረሰ። ለ2026 ደግሞ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተመድቧል።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት እንደሆነ በ2013 የነበረን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አላለፍንም። ነገር ግን የአፍሪካ ቦታ አምስት ባይሆን ኖሮ አሥር ቡድኖች እዚያ ደረጃ ላይ አይደርሱም፤ ያ ጥቅምትና ኅዳር፣ ያ ሁሉ ቢጫ ማሊያ አይኖርም ነበር።

ዋጋውስ?

አሁን ወደ ሌላው ገጽ። የራውስ ፊፋ ድሃ ነበር፤ ሃቬላንጅ የገቡት ቃል ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡን ያመጡት ስፖንሰሮች ናቸው። ኮካ ኮላ ገባ። ከጀርመኑ አዲዳስ ቤተሰብ የሆኑት ሆርስት ዳስለር የፊፋ የንግድ ሸሪክ ሆኑ፤ በ1982 አይ ኤስ ኤል የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ የዓለም ዋንጫን የማስታወቂያና የቴሌቪዥን መብት መሸጥ ጀመረ። ሥልጠናውም ውድድሩም በዚህ ገንዘብ ተሠራ።

አይ ኤስ ኤል በ2001 ከሰረ። የስዊዘርላንድ ዓቃቤ ሕግ ባደረገው ምርመራ ኩባንያው ለስፖርት ሹማምንት ጉቦ ይከፍል እንደነበር ታወቀ። በ2012 ይፋ የሆነው ሰነድ ሃቬላንጅ ራሳቸው ገንዘብ መቀበላቸውን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት የፊፋ የክብር ፕሬዚዳንትነታቸውን ለቀቁ፤ በ2016 በመቶ ዓመታቸው አረፉ። ፍራንክፈርት ላይ ያገኙትን ወንበር የያዙት ለ24 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጓደኞቼ «አየህ!» የሚሉኝ። እኔ ግን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ጉቦው የተከፈለው የት ነው? 211ዱ አገሮች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ነው ወይስ በር በተዘጋበት ትንሽ ክፍል? የአይ ኤስ ኤል ውሎች የተፈረሙት በጥቂት ሰዎች ነው። የዓለም ዋንጫን አዘጋጅ ይመርጥ የነበረውም 24 አባላት ያሉት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ እንጂ ጠቅላላ ጉባኤው አልነበረም። የ2006ቱን ዋንጫ ለጀርመን 12 ለ 11 የሰጠው ይኸው ትንሽ ኮሚቴ ነው። ከዚያ ዝግጅት ጋር በተያያዘ የ6.7 ሚሊዮን ዩሮ ክፍያ ጉዳይ የዚህችው የፍራንክፈርት ዓቃቤ ሕግ በ2015 የጀርመን እግር ኳስ ማኅበርን ቢሮ አስፈተሸ፤ በ2025ም የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ማኅበሩን በግብር ስወራ የገንዘብ ቅጣት ጣለበት። ስለዚህ የማይጸዳ እጅ የድሃ አገር ብቻ ነው የሚለው ክርክር እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይወድቃል።

ፊፋ በኋላ የአዘጋጅ ምርጫን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው አዛወረ። በ2018 ሞስኮ ላይ የ2026 አዘጋጆች 134 ለ 65 ሲመረጡ የእያንዳንዱ አገር ድምፅ ይፋ ተደርጓል። መፍትሔው ድምፁን ከትንሹ መንጠቅ ሳይሆን ውሳኔውን ወደ ብዙኃኑ ማምጣት እንደሆነ ይህ ያሳያል።

አፍሪካም ግን ራሷን መጠየቅ አለባት። ይድነቃቸው በ1987 እስኪያርፉ ድረስ ካፍን መሩ። በ1988 የተተኩት ኢሳ ሃያቱ 29 ዓመት ወንበሩ ላይ ቆዩ። የወረዱት በማርች 2017 ነው፤ የወረዱትም አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የማዳጋስካሩ አህመድ አህመድ 34 ለ 20 አሸነፏቸው። ለውጥ መጣ ተብሎ ተጨበጨበ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ግን ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ በፊፋ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ታገዱ። የፍራንክፈርቱም የአዲስ አበባውም ምርጫ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ሰው መለወጥና አሠራር መለወጥ የተለያዩ ናቸው።

ይድነቃቸው በ1974 ድምፁን በቅድመ ሁኔታ ሰጡ፤ ቅድመ ሁኔታውም ተፈጸመ። ያልተጠየቀው ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማን ይቆጣጠረዋል? አንድ ሰው ስንት ዘመን ይቀመጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ከምርጫ በፊት ካልተጠየቁ ከምርጫ በኋላ የሚሰማቸው የለም። ይህ ለፊፋም፣ ለካፍም፣ ለአገር ቤቱ ፌዴሬሽናችንም ይሠራል። ሠላሳ አባል ላላት የተማሪዎች ማኅበርም ቢሆን ይሠራል። የእኛም ምርጫ ሲደርስ «ማንን እንምረጥ» ከማለታችን በፊት «ምን ብለን እንምረጥ» የሚለውን ብንጨምርበት መልካም ነው።